«ቻዪው» አትበሏት፦ ስለ ጡት አያያዝ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች 11ኛ ቀኗ ነው። ልቅሶዋ ንግግሯን ይቆራርጠዋል። «እቴቴ፣ ግራ ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ቀኑን ሙሉ በሙቅ ውኃ እያሸሁት ነው፤ ጭራሽ ባሰበት» አለችኝ። ሲነጋ ሄድኩ። አልጋዋ አጠገብ የአጥሚት ፔርሙስ፣ ገና የሚጨስ የሙቅ ውኃ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ የተነከረ ፎጣ። ጡቷን ስታሳየኝ በብብቷ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቷል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ላዩ ላይ የጣት ምልክት አለ። የራሷ ጣቶች ናቸው። ስልኳን አነሳችና «እንዲህ አድርጊ ይላል እኮ» ብላ አሳየችኝ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሁለት ልጆችም አጥብቻለሁ። ያ ጽሑፍ ከእህቴ በፊት ለኔም ከአምስት ሰው ደርሶኝ ነበር፤ አንብቤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዳልነበረብኝ የገባኝ ያን የጣት ምልክት ሳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የጡት ጫፍ ሕመምና መሰንጠቅ የማይቀር ነው ይላል፤ እናት የመጀመሪያውን ወር ጥርሷን ነክሳ ከቻለችው ጫፉ ይደነድናል፣ በእርግዝናዋ ጊዜም በሻካራ ፎጣ እየፈተገች ብታዘጋጀው ይመረጣል። ከማጥባቷ በፊት ሁልጊዜ ጫፉን በሳሙና ትጠበው። ከተሰነጠቀ ማር ወይም ሬት ትቀባው። ጡት የሚጠጥረው ወተቱ «ቧንቧው ውስጥ ስለሚደፈን» ነውና በትኩስ ፎጣ እየተኮሰች በኃይል ትሸው፣ ጠብታ እስከማይቀር ትለበው። ጡቱ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ወተቱ ስለተበከለ ማጥባት ታቁም። ከሥራ ወይም ከፀሐይ ስትገባ የቋጠረውን ወተት አልባ ትድፋው። በመጨረሻም ጡት ማጥባት ጡትን ስለሚጥል አጥብቃ ትሰረው። ይሄው ነው።

ጸሐፊዋ በክፋት እንዳልጻፉት አምናለሁ። ልጆች ያሳደጉ እናት መሆናቸውን ይናገራሉ፤ ከጽሑፉም ርኅራኄያቸው ይታያል። አራስ ትረፍ፣ ውኃ ትጠጣ፣ እጇን ትታጠብ፣ የቤቱን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝላት፣ ትንሽ ስላመማት ብቻ ወደ ጡጦ አትሩጥ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እዚህ ላይ አንድም የምጨምረው የለኝም። ችግሩ ሌላው ነው።

«የማይቀር ነው» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ግማሽ እውነት አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ጡቱን ሲይዝ ለጥቂት ሰኮንዶች ቆንጠጥ የሚያደርግ ስሜት ብዙ እናቶች ይሰማቸዋል፤ ወተቱ መውረድ ሲጀምር ይለቃል። ጫፉ ከተሰነጠቀ፣ ከደማ፣ እናትየዋ ልጇ ከእንቅልፉ ሲነቃ ልቧ ድንግጥ የሚል ከሆነ ግን ይሄ መደንደን አይደለም። ቁስል ነው። ቁስል ደግሞ መንስዔ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ መንስዔው የልጁ አጎራረስ ነው።

ልጁ ጫፉን ብቻ ከያዘ ጫፉ በምላሱና በጠንካራው ላንቃው መሃል ይፈጫል። በደንብ ሲጎርስ ግን ጫፉ ወደ ኋላ፣ ላንቃው ወደሚለሰልስበት ቦታ ይገባል። እዚያ የሚጨፈልቀው ነገር የለም። ልዩነቱ ይሄው ብቻ ነው፤ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ለአራስ እናት «ቻዪው» ከማለት በፊት ስታጠባ ቁጭ ብሎ ማየት ይቀድማል። የልጁ ሆድ ከሆዷ ጋር ይግጠም፤ አንገቱ አይጠምዘዝ። አፍንጫው ከጡት ጫፉ ትይዩ ይሁን። ጫፉን ከላይኛው ከንፈሩ ነካ ነካ አድርጋ እንደሚያዛጋ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ትጠብቅ። ሲከፍት እሱን ወደ ጡቱ ታምጣው እንጂ ጡቷን ወደ እሱ ለመውሰድ አትጎንበስ። በደንብ ሲይዝ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጫፉን ከከበበው ጠቆር ያለ ክብ ከታች ይልቅ ከላይ በኩል ብዙ ይታያል። ሕመሙ ካልለቀቃት ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቀው፤ እንደገና ትሞክር። መጎተት የለም።

ማረጋገጫም አለ። ልጁ ሲለቅ ጫፉን እዩት። ድቡልቡል ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። እንደ አዲስ ሊፕስቲክ አንድ ወገኑ ተንሻፎ ከወጣ ሲጨፈለቅ ቆይቷል ማለት ነው። የእህቴ ቀኝ ጡት እንዲያ ነበር የሚወጣው። ትራስ ከክንዷ በታች ጨምረን ልጁን ከፍ ስናደርገው በሦስተኛው ሙከራ ድቡልቡል ሆኖ ወጣ። እሷ ግን ጫፉን አላየችም። ግድግዳውን እያየች «አላመመኝም እኮ» አለች፣ እንደማታምን።

ስለ መደንደኑም ላንሳ። ጸሐፊዋ ልክ ቢሆኑ ኖሮ ሦስት ልጅ ያጠባች እናት በአራተኛው አትቆስልም ነበር። ስትቆስል ግን አይቻለሁ፤ ያውም ክፉኛ። ጫፉ ያው ጫፍ ነው። የተለወጠው ልጁ ነው፤ ምላሱ ከሥሩ የተያያዘ ስለነበር በደንብ መጉረስ አልቻለም። የዛን ልጅ አፍ ውስጥ ያየ ሰው ባይኖር ኖሮ እናቱ ለወራት «ትችለው» ነበር። በሻካራ ፎጣ መፈተጉም ቆዳ ከመላጥ በቀር ምንም አያዘጋጅም።

«የመጀመሪያውን ወር» የሚለውም ከማስረጃው ጋር አይሄድም። ኮክሬን የተባለው የምርምር ገምጋሚ ተቋም በ2014 (እ.ኤ.አ.) የጡት ጫፍ ሕመም ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ምንም ይቀቡ ምን ለአብዛኞቹ እናቶች ሕመሙ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ወደ ቀላል እንደሚወርድ ነው ያገኘው። ስለዚህ 10 ቀን አልፎም እያቃሰተች የምታጠባ እናት ሰው ሊያያት ይገባል። ሕመም ደግሞ ራሱ ወተት ይይዛል። ወተቱን ከጡት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በሕመምና በጭንቀት ጊዜ ይታገዳል። እናት ትሰቃያለች፣ ወተቱ ይዘገያል፣ ልጁ ይበሳጫል፣ ከዚያ አንዷ ጎረቤት «ወተትሽ አልበቃውም» ትላለች። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይወስዱ የነበሩት 58 በመቶ ናቸው። የቀሩት የተቋረጡበት ምክንያት ብዙ ዓይነት ነው፤ ሕመም ግን አንዱ እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። ልጁን ከጡት ላይ የሚያቆየው የእናቱ ምቾት ነው። ጸሐፊዋ ጡጦን ከተቃወሙ ሕመሙን አብረውን ሊቃወሙት ይገባል።

ሳሙናው ላይ ብዙ አልቆይም። በጫፉ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ላይ ችፍ ችፍ ያሉ ነገሮች አሉ አይደል? እነሱ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ናቸው። ቆዳውን ያለሰልሳሉ፣ ይጠብቃሉ፤ አዲስ የተወለደ ልጅም ጡቱን የሚያገኘው በጠረናቸው ጭምር ነው። በቀን 8 እና 10 ጊዜ የምታጠባ እናት ሁልጊዜ በሳሙና ካጠበችው ያንን ቅባት ገፋ ቆዳውን አድርቃ ለመሰንጠቅ ታዘጋጀዋለች። በሳሙና መታጠብ ያለበት እጅ ነው። ለጡት በቀን አንዴ ገላ ስትታጠብ የሚነካው ውኃ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ማሩ። ይሄኛው ነጥብ ያስፈራኛል። ማር ቁስል እንደሚያደርቅ አልክድም፤ የኛም አባቶች ያውቁታል። ግን ይሄኛው ቁስል በየሁለት ሰዓቱ ሕፃን አፍ ውስጥ የሚገባ ቁስል ነው። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። እኛ ብንበላው አይነካንም። ከ1 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንጀት ውስጥ ገብቶ ግን ሊያድግና ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የልጁ ሆድ ይደርቃል፣ ልቅሶው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ሲብስ መተንፈስ ያቆማል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ቢሆንም ሌላ መንገድ እያለ በዚህ የሚጫወት ሰው የለም። ማሩን ንጹሕ ነው፣ የገጠር ነው ማለት አያድንም፤ ዘሩ ንጹሕ ማር ውስጥም ይገኛል።

ሬቱንስ ምን ልበል? እናቶቻችን ሬት ጡታቸው ላይ የሚቀቡት መቼ ነው? ልጅ ጡት ሊያስጥሉ ሲፈልጉ! ምርር ብሎት እንዲሸሽ። 2 ዓመት የጠባን ልጅ ለማስጣል የሚቀባውን ነገር ገና መጥባት እየለመደ ላለ የ10 ቀን ጨቅላ ጡት ላይ ቀቢ ማለት ለኔ ፈጽሞ አይገባኝም።

ታዲያ ምን ይቀባ? ልጁ ከጠባ በኋላ ሁለት ጠብታ የራሷን ወተት አልባ ጫፉ ላይ ቀብታ አየር ታስነካው። ቅድም ያነሳሁት ግምገማም ምንም አለመቀባት ወይም የራስን ወተት መቀባት ቢያንስ እንደ ላኖሊን ካለው ቅባት እኩል እንደሚሆን ነው ያሳየው። ላኖሊን ገዝታ እፎይ የምትልም ካለች አልከለክላትም፤ ልጁ ቢወስደውም አይጎዳውም። የትኛውም ቅባት ግን አጎራረስን አያስተካክልም።

ዋናው ክርክሬ ጡት መጠጠር ላይ ነው፤ እህቴን የጎዳት ይሄ ስለሆነ። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ የጻፉትን እኔም ተምሬዋለሁ። «አሙቂው፣ እሺው፣ ጨርሰሽ አልቢው» ተብለን ነው የሠለጠንነው፤ ለብዙ እናቶችም እንደዚያ መክሬያለሁ። ስለዚህ እሳቸውን ለብቻቸው አልወቅስም። ግን ዕውቀቱ ተለውጧል። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በኃይል ማሸትንም ከልክ በላይ ማለብንም ተዉ ብሏል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጡት የውኃ ቧንቧ አይደለም። ውስጡ እርስ በርስ የተሳሰሩ ብዙ ቀጫጭን የወተት መንገዶች አሉ፤ በየመሃላቸው ደም ሥር አለ፣ ሥጋ አለ፣ ስብ አለ። ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ወተቱ በብዛት ሲመጣ ደምና ፈሳሽም አብሮ ወደ ጡት ይመጣል። ጡቱ ያብጣል። እብጠቱ ከውጭ ሆኖ የወተቱን መንገዶች ይጫናቸዋል፤ ወተቱ አልወጣ የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ውስጡ የተወተፈ ቡሽ ኖሮ አይደለም። በኋላ በማንኛውም ጊዜ የሚመጣው ጓጉሎ የመቅላት ችግርም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው፦ እብጠት። ብጉንጅ ያበጠበትን ቦታ በጉልበት የሚያሽ ሰው የለም፤ የባሰ እንደሚያብጥ ሁላችንም እናውቃለን። ጡትም ሲታሽ ቀጫጭን ደም ሥሮቹ ይጎዳሉ፣ እብጠቱ ይጨምራል፣ መንገዱ ይበልጥ ይጠብባል። እናትየዋ አልወጣ ሲላት የባሰ ታሻለች። እህቴ ያንን ስታደርግ ነው የዋለችው።

«ጠብታ እስከማይቀር ማለብ»ም ያው ነው። ጡት የሚያመርተው በተወሰደበት ልክ ነው። ብዙ ሲታለብ «ልጁ ብዙ ይፈልጋል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ነገ የበለጠ ይዞ ይመጣል። ከዚያ እንደገና ይጠጥራል፣ እንደገና ይታለባል። በማለቢያ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ስትታገል የከረመች እናት «ለምን አይቀንስልኝም?» ትላለች። ያልቀነሰው ስለምታልበው ነው።

የሚረዳው ይሄ ነው። ልጁን እንደወትሮው፣ በፈለገ ጊዜ ማጥባት፤ ከታመመው ጡት ለይቶ መከልከልም፣ እሱን ብቻ ደጋግሞ መስጠትም አያስፈልግም። ከሚያጠቡበት ጊዜ ውጪ ቀዝቃዛ ፎጣ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 እና 15 ደቂቃ ማድረግ። የጨጓራ ችግር ከሌለባት አይቡፕሮፌን፣ ካለባት ፓራሲታሞል፤ ሁለቱም ለምታጠባ እናት ይሆናሉ። መንካት ካስፈለገ የድመት ፀጉር እንደሚዳብስ ሰው ቀለል አድርጎ ከጡቱ ወደ ብብትና ወደ ትከሻ አጥንት መዳበስ። ጫፉ ዙሪያ ተወጥሮ ልጁ መያዝ ካቃተው ደግሞ ከማጥባቷ በፊት በጣቶቿ ጫፍ ጠቆር ያለውን ክብ ከየአቅጣጫው ወደ ደረቷ ለስለስ አድርጋ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትያዘው። እብጠቱ ወደ ኋላ ገለል ይልና ክቡ ይለሰልሳል። በጣም ከጨነቃት ትንሽ በእጇ ታልብ፤ ቀለል እስኪላት ብቻ።

በረዶውን ሳዘጋጅ የእህቴ ጎረቤት፣ አንዲት ትልቅ እናት፣ ክው አሉ። «ኧረ ልጄ! ለአራስ በረዶ? ብርድ ይመታታል!» አሉኝ። ስጋታቸው ገባኝ። አራስን ከብርድ መጠበቅ ለኛ የፍቅር ቋንቋ ነው። «እማማ፣ ጀርባዋን በጋቢ ይጠቅልሉልኝ፣ እግሯንም ይሸፍኑልኝ፤ በረዶው ለ10 ደቂቃ ጡቷ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው» አልኳቸው። ጠቀለሉላት። ራሳቸው ሰዓት ያዙ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ የነከሩት እሳቸው ነበሩ። በሁለተኛው ቀን መቅላቱ ለቀቀ።

ሙቀትን ጨርሶ አልከለክልም። ከማጥባት በፊት ለአጭር ጊዜ ለብ ያለ ፎጣ አድርጋ ወተቱ ቶሎ ከወረደላትና ከተመቻት ታድርግ። ቀኑን ሙሉ መተኮስ ግን እብጠት ይጨምራል። ጸሐፊዋ በአንድ መስመር የጠቀሱት የቀዘቀዘ የጥቅል ጎመን ቅጠልም ግዴለም፤ ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም የሚቀዘቅዝ ነገር ነውና ደስ ካላት ትጠቀምበት።

ቀጥሎ ያለው «ትኩሳት ካለ ማጥባት ይቁም፣ ወተቱ ተበክሏል» የሚለው ነው። ከማሩ ቀጥሎ በጣም የምሰጋው ይሄንን ነው። የጡት ኢንፌክሽን ያለባት እናት ወተት ለጤነኛ ልጇ አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅትም እንድትቀጥል ነው የሚመክረው። ጀርሞቹ አብዛኛውን ጊዜ እናትና ልጅ ቆዳቸው ላይና አፍ ውስጥ ተጋርተው የሚኖሩት ናቸው፤ ወተቱ ውስጥ ደግሞ መከላከያው አለ። በድንገት ማቆም ግን ወተቱ ጡቱ ውስጥ እንዲቆለል ያደርጋል፤ ያኔ ነው መግል የሚቋጥረው። አንዲት እናት አስታውሳለሁ። «ልጄን እንዳልመርዝ» ብላ አምስት ቀን ከታመመው ጡቷ ሳታጠባ ቆይታ መጣች። መግሉ መውጣት ነበረበት። መጀመሪያውኑ ብታጠባ ኖሮ ምናልባት ሁለት ሌሊት ትኩሳት ነበር የሚሆነው።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለባት መቼ ነው? በቅዝቃዜና በማስታገሻ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት፣ ትኩሳቷ 38.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ እያላት ከተንቀጠቀጠች፣ ጫፏ ተሰንጥቆ ኢንፌክሽን ከያዘ፣ ወይም ጡቱ ውስጥ ሲነካ የሚዋልል እብጠት ካለ። አንቲባዮቲክ ካስፈለጋት እንደ ክሎክሳሲሊን ያሉ እያጠባች የምትወስዳቸው አሉ፤ ሐኪም ያዘዘውን ሙሉውን ቀን ትጨርሰው። እባካችሁ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትስጧት።

እዚህ ላይ ለጸሐፊዋ የምተውላቸው ነገር አለ። ከታመመው ጡት ማጥባት የማይመከርበት ጊዜ አለ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች ልጇን ማጥባት ትችላለች፤ ጡቷ ሲያቃጥል ወይም ጫፏ ሲደማ ግን የመተላለፍ ዕድሉ ስለሚጨምር እስኪድን ከዚያኛው ጡት ሳታጠባ እያለበች ትድፋ፣ ከጤነኛው ታጥባ፣ ሐኪሟንም ታማክር። ጫፉ አካባቢ የሄርፒስ ቁስል ካለም እንዲሁ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም፦ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ እብጠት ወይም ታክሞ ያልለቀቀ መቅላት ካለ መመርመር አለበት። የምታጠባ ሴት የጡት ካንሰር አይይዛትም የሚባለው ትክክል አይደለም። አልትራሳውንድ እያጠባች መነሳት ትችላለች።

ከሥራ የገባች እናት ወተቷን ትድፋው የሚለው ምክር ዕድሜው ብዙ ነው፤ እኔም ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። ግን ጡት ማሰሮ አይደለም። ውስጡ ያለ ወተት አይቆምጥም፣ ፀሐይም አይመታውም። ቀኑን ሙሉ የቆየውም ወተት ያው ጤነኛ ወተት ነው፤ እንደገባች ታጥባው። ይሄ ምክር የሚጎዳው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሠራተኛዋን እናት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ልጇ ሦስት ወር ሲሆነው ቢሮ ትገባለች። ልጁ ግን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ መውሰድ አለበት። እነዚያን ሦስት ወራት ደረቷ እየተወጠረ፣ ሸሚዟ እየረጠበ፣ ሽንት ቤት ገብታ እያለበች የምታሳልፍ ሴት ማታ ስትገባ «ድፊው» ትባላለች። እንዴት ያሳዝናል! የምትደፋው ልጇ ቀኑን ሙሉ የጠበቀውን ነው።

ለእሷ የሚጠቅማት ይሄ ነው። ቢሮ እያለች ልጇ በሚጠባበት ሰዓት አካባቢ ትለብ፤ ጡቱ ሞልቶ እስኪያማት አትጠብቅ። ሞልቶ የሚቆይ ጡት እየዋለ እያደረ ምርቱን ይቀንሳል። ንጹሕ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ያለበችው ወተት 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለሚፈሰው ደግሞ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ታድርግ፤ ሲረጥብ ትቀይረው። እርጥብ ጨርቅ ላይ የዋለ ጫፍ ቶሎ ይላጣል።

ስለ መውደቁ አጭር ልበል። በአሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ይሄንኑ ጥያቄ መርምሮ፣ ጡትን የሚያረግበው ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የእርግዝና ብዛት፣ ሲጋራና ከእርግዝና በፊት የነበረው የጡት መጠን እንጂ ማጥባቱ እንዳልሆነ አግኝቷል። ስለዚህ ያላጠባችም እናት ጡቷ ይለወጣል። አጥብቆ ማሰር ደግሞ ወተቱን አንድ ቦታ ላይ ይጫነዋል፤ የምንሸሸውን እብጠት ራሳችን እንጠራዋለን። ደጋፊ ጡት መያዣ ግን ይመከራል። ሽቦ የሌለው፣ ሲያወልቁት ቆዳ ላይ መስመር የማይተው።

ለጸሐፊዋ አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን ይሰርዙት አልልም፤ ስለ ዕረፍትና ስለ ቤተሰብ እገዛ የጻፉትን ብዙ ባል ቢያነበው ደስ ይለኛል። ግን ማሩን እና «ማጥባት ይቁም» የሚለውን፣ እነዚህን ሁለቱን፣ ዛሬውኑ ያርሙልኝ። ሌላውን ቀስ ብለን እንከራከርበታለን። ጽሑፉን ለእህቶቻችሁ የላካችሁም፣ ለላካችሁላቸው ሁሉ ተመልሳችሁ «ማሩን አትቀቢ፣ ልጁንም ከጡት አታስለቅቂ» የምትል አንዲት መስመር ጻፉላቸው። አሁን ይሄን ስታነቡ ሳፋ ይዛ የተቀመጠች አንድ አራስ ትኖራለች።